በትንሽ ገንዘብ የሩቅ ሌንስ ለሚፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፤

በደሴ ከተማ ፎቶ ቤት ከፍቼ በሠርግ፣ በምረቃና በጉርድ ፎቶግራፍ ሥራ የምተዳደር፣ ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ ወፎችንና የዱር እንስሳትን፣ አልፎ አልፎም ኮምቦልቻ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የማነሳ አንባቢያችሁ ነኝ። ካሜራ የያዙ ወጣቶች በሁለቱ ከተሞች እየበረከቱ መምጣታቸው በጣም ያስደስተኛል። ነገር ግን ብዙዎቹ በስንት ድካም ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለማይሆን ሌንስ ሲያወጡ አያለሁና፣ በዚህ ጉዳይ የማውቀውን በጋዜጣችሁ በኩል እንዳካፍላቸው ብትፈቅዱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሌንስ በአገራችን የማይመረት፣ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ የሚታወስ ነው። ቀድሞም ውድ የነበረው ሌንስ ከዚያ ወዲህ ለጀማሪ ወጣት የዓመት ቁጠባ የሚጠይቅ ሆኗል። ተሳስቶ የገዛ ሰው ደግሞ ዕቃውን መልሶ ለመሸጥ ሲሞክር በከሰረ ዋጋ ነው የሚለቀው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቁጭ ብሎ ማስላት የግድ ነው።

ወጣቶቹ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ «ስንት ሚሊ ሜትር ልግዛ?» ብለው ነው፤ የሌንሱን የትኩረት ርዝመት ማለታቸው ሲሆን፣ ቁጥሩ በበዛ መጠን ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል። ሻጩም የሚመልስላቸው በቁጥር ነው፤ 300 ላለው 500፣ 500 ላለው 600 ይሻላል ይለዋል። በእኔ እምነት ከቁጥሩ በፊት ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። የሚነሳው ነገር ምን ያህል ትልቅ ነው? ምን ያህል ልቀርበው እችላለሁ? በምን ያህል የሻተር ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለምን ያህል ቅጽበት ብርሃን እንዲያስገባ አድርጌ ላነሳው ይገባል? የእነዚህ መልስ ለወፍና ለአውሮፕላን አንድ አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ ሌንስ ለማንሳት የሚያስብ ሰው ልዩነታቸውን ካልተረዳ ለአንዱም የማይሆን ዕቃ ይዞ ሊቀር ይችላል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የሌንሱን ሚሊ ሜትር በሚነሳው ነገር ርዝመት አባዝቶ ለርቀቱ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ቁጥር ምስሉ በካሜራው ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስሉን በሚሠራው ክፍል) ላይ የሚይዘው ስፋት ነው። ብዙ ወጣቶች የሚይዙት የካነን ወይም የኒከን መለስተኛ ካሜራ ሴንሰሩ ከ22 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ወደ ኮምቦልቻ የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400፣ በተለምዶ ኪው 400 የሚባለው፣ ርዝመቱ 32.8 ሜትር ነው። ይህ አውሮፕላን በጎኑ በኩል 500 ሜትር ርቆ ሲያልፍ በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢነሳ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ፎቶውን ሞላው ማለት ነው። በ250 ሚሊ ሜትር እንኳ ሦስት አራተኛውን ያህል ይሞላል። በዚያው ርቀት 600 ሚሊ ሜትር የደገነ ሰው ግን አፍንጫውን ወይም ጭራውን ቆርጦ ማስቀረቱ ነው። ለአውሮፕላን ብሎ ትልቁን ሌንስ የሚያሳድድ ወጣት ይህን ስሌት ቀድሞ ቢሠራ ኖሮ ግማሽ ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ይቀር ነበር።

ለአውሮፕላን ከርዝመት ይልቅ ወሳኙ ነገር የሻተር ፍጥነት ነው፤ በኮምቦልቻ ደግሞ ይህ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚነሳው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። የዳሽ 8-400 ፕሮፔለር ስድስት መቅዘፊያ ያለው ሲሆን፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ በደቂቃ 1020 ዙር ይዞራል፤ በሴኮንድ 17 ዙር መሆኑ ነው። በ1/1000 ሴኮንድ ቢነሳ በዚያች ቅጽበት መቅዘፊያው የሚሄደው 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በፎቶው ላይ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል፤ አውሮፕላኑም ሞተሩ ጠፍቶበት በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። በ1/200 ሲነሳ በመቅዘፊያዎቹ መካከል ያለው ክፍተት እስከ ግማሹ በእንቅስቃሴው ይሸፈናል፤ በ1/100 ደግሞ ክቡ ሙሉ በሙሉ ይሞላል። ሕይወት ያለው የአውሮፕላን ፎቶ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ጄት ሞተር ላለው አውሮፕላን ይህ ጭንቀት የለም፤ በ1/1000 ቢነሳም የሚጎድለው የለም።

ችግሩ በእጅ የተያዘ ሌንስ በዚህ ዝቅተኛ ፍጥነት መንቀጥቀጡ ነው። በአነስተኛ ሴንሰር ላይ የ300 ሚሊ ሜትር ሌንስን በእጅ ይዞ ለማንሳት በልምድ ቢያንስ 1/500 ያስፈልጋል ይባላል፤ እኛ ግን የምንፈልገው 1/200ና ከዚያ በታች ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው በሌንሱ ውስጥ ያለው የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ነው፤ ካነን አይ ኤስ፣ ኒከን ቪ አር፣ ሲግማ ኦ ኤስ፣ ታምሮን ቪ ሲ ይሉታል። አንዳንዶቹ ሌንሶች ሁለተኛ መቼት አላቸው፤ ካሜራውን ከአውሮፕላኑ ጋር እያዞርን ስንከተል ወደ ጎን የሚደረገውን እንቅስቃሴ ትቶ የላይና የታቹን መንቀጥቀጥ ብቻ የሚያረጋጋ ነው። ስለዚህ በኮምቦልቻ አውሮፕላን ለማንሳት የሚገዛ ሌንስ ስታቢላይዘር ከሌለው በነፃ ቢሰጥ እንጂ በገንዘብ እንዲገዛ አልመክርም። ካነን እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው 400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 (ኤፍ የሌንሱ የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ሌንስ ዛሬም ድረስ በጥራቱ የሚወደድ፣ 1250 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ለሚበር ወፍ እጅግ ተስማሚ የሆነ ዕቃ ነው፤ ስታቢላይዘር ግን የለውምና ወፍ ብቻ ለሚያነሳ ሰው እንጂ ሁለቱንም ለሚፈልግ ቀዳሚ ምርጫ ሊሆን አይገባም።

ወደ ወፎች ስንመጣ ስሌቱ ይገለበጣል። በደጋው አገራችን የምናውቀው ወፍራም ምንቃር ያለው ትልቁ ቁራ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ30 ሜትር ርቀት በ300 ሚሊ ሜትር ሲነሳ ሴንሰሩ ላይ የሚይዘው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የፎቶውን ስፋት ሩብ ያህል። ሌንሱ 600 ቢሆን 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወጣቱ በ300ው ሌንስ ወደ 15 ሜትር ቢቀርብም የሚያገኘው ያንኑ 12 ሚሊ ሜትር ነው። በ15 ሜትር መቅረብ ማለት የ600 ሚሊ ሜትርን ሌንስ ያለ ገንዘብ መግዛት ነው፤ ያውም በመካከል ያለው አየርና አቧራ በግማሽ ስለሚቀንስ ምስሉ ይበልጥ የጠራ ይሆናል።

መቅረብ ደግሞ የሚለመድ ሙያ ነው። ወፍ የሚሸሸው ቀጥ ብሎ ከሚመጣበት ሰው ነው፤ ጎን ለጎን እያለ፣ እየቆመ፣ ዝቅ ብሎ የሚሄደውን ብዙ ጊዜ ይታገሣል። በመኪና ውስጥ የተቀመጠን ሰው ከእግረኛ ያነሰ ይፈራል። በቄራ አካባቢ የሚያንዣብቡት ጭላቶችና ጥንብ አንሳዎች፣ በሐይቅ ዳርቻም ዓሣ አጥማጆች በሚመላለሱበት ሥፍራ የሚውሉት የውሃ ወፎች ሰውን ስለለመዱ፣ ለጀማሪ ከእነርሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። ጭላዳም እንዲሁ ነው፤ ሰውን በለመደበት ቦታ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ሣሩን እየነጨ ስለሚቀመጥ 250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይተርፈዋል እንጂ አያንሰውም። በሰማይ ከሚበሩት ውስጥ ደግሞ አጥንት ከከፍታ ጥሎ በዓለት ላይ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ክንፉን ሲዘረጋ 2.5 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ100 ሜትር ከፍታ ሲያልፍ በ300 ሚሊ ሜትር የፎቶውን አንድ ሦስተኛ ይይዛል።

ከዚህ የተለየው ቀይ ቀበሮ ነው። በቦረና ሳይንት ደጋ የሚገኘውን ይህን እንስሳ ለማንሳት ለሚሄድ ሰው 400 ሚሊ ሜትር ቢያንስ እንጂ አይበዛም። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ስለሚገመት፣ ሌንሱ አጠረኝ ብሎ እንስሳውን ማሳደድ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። እዚህ ላይ መቅረብ የሚለው ምክሬ ይቆማል፤ ሌንሱ ከሌለ ፎቶው ይቅር።

ረጅም ሌንስ የማያሸንፈው አንድ ነገር ደግሞ ሙቀት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከደሴ ይልቅ ትሞቃለች፤ ከረፋዱ በኋላ ከአስፋልቱና ከሜዳው የሚነሳው ትኩስ አየር ሲንቀለቀል በዓይን ይታያል። በዚያ አየር ውስጥ በ600 ሚሊ ሜትር የተነሳ አውሮፕላን በ300 ከተነሳው የተሻለ ዝርዝር አይኖረውም፤ የሚጎላው ብዥታው ነው። ሌንሱ ተበላሽቷል ብለው ወደ ፎቶ ቤቴ ከሚያመጡልኝ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ምንም ያልሆኑ፣ በእኩለ ቀን የተሞከሩ ሌንሶች ናቸው። ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ሞክሮ ማየት ይህን ጥርጣሬ ያጠፋል።

እንግዲህ የትኛውን ይግዙ? ገንዘቡ በጣም ውስን ለሆነ የካነን ተጠቃሚ ያለማመንታት የምመክረው ከ55 እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚሄደውን፣ 55-250 አይ ኤስ ኤስ ቲ ኤም የተባለውን ነው። 375 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ፎከሱ ፈጣንና ድምፅ አልባ ነው፣ ስታቢላይዘር አለው፣ የምስል ጥራቱም ከዋጋው በላይ ነው። እጅግ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን ከአዲስ ካሜራ ጋር በጥቅል የሚሸጠውን 75-300 ከ70-300 አይ ኤስ ጋር እንዳያምታቱት ነው። ቁጥሮቻቸው ተቀራራቢ ስለሆኑ ብዙዎች አንድ ይመስሏቸዋል። 75-300ው ስታቢላይዘር የለውም፣ በ300 ላይ ምስሉ ይለሰልሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የ70-300 አይ ኤስ ሁለተኛ ስሪት ግን 710 ግራም የሚመዝን፣ ፈጣንና ጥርት ያለ ሌንስ ነው። በታምሮንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኤስ ፒ 70-300 ቪ ሲ ያገለገለም ቢሆን ጥሩ ግዢ ሲሆን፣ ቪ ሲ የሚል የሌለበት ርካሹ 70-300 ግን ሌላ ዕቃ ነው።

የኒከን ተጠቃሚዎች ከሁሉ በፊት ሌንሱ ከቦዲው (ከካሜራው አካል) ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። የ3000ና የ5000 ተከታታይ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው፣ ኤ ኤፍ ብቻ የሚል አሮጌ ሌንስ ሲገጠምባቸው ፎከሱ በእጅ ብቻ ይሆናል፤ ኤ ኤፍ ኤስ ወይም ኤ ኤፍ ፒ የሚል ሊኖረው ይገባል። ኤ ኤፍ ፒ የሚለው ደግሞ በተራው እንደ ዲ90 እና ዲ3000 ባሉ አሮጌ ቦዲዎች ላይ ፎከስ አያደርግም። በሚበር ወፍ ላይ በእጅ ፎከስ ማድረግ ለልምድ ባለቤቱም የሚከብድ ስለሆነ፣ ይህ ጉዳይ በግዢው ላይ እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም።

ትንሽ ተጨማሪ ገንዘብ ያለው ሰው ከሲግማ ወይም ከታምሮን 100-400 አንዱን ቢይዝ ለእኛ አካባቢ ከሁሉም የሚስማማው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ፣ 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ፣ ስታቢላይዘር ያላቸው ናቸው። ለኮምቦልቻው አውሮፕላን በ250 እና በ300፣ ለወፍና ለቀበሮ በ400 ይሠራሉ። ብዙዎች የሚመኙት የሲግማና የታምሮን 150-600 ጥሩ ሌንስ አይደለም አልልም፤ ነገር ግን 2 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ የፊቱ መስታወት 95 ሚሊ ሜትር ማጣሪያ የሚጠይቅ ትልቅ ዕቃ ነው። የጦሳን ተራራ በእግሩ የሚወጣ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ የጎፍ ደን የሚጓዝ ወጣት ያንን በአንገቱ አንጠልጥሎ ከሁለት ሰዓት በኋላ ክንዱ እንደሚዝል፣ የዛለ ክንድም ስታቢላይዘር እንደማያድነው ልንገረው። ከመኪና ሆኖ ወይም ትሪፖድ ተክሎ ለሚሠራ ሰው ግን ተገቢ ምርጫ ነው።

ስለ ብርሃንም አንድ ነገር ልጨምር። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 8 መሄድ ብርሃንን በግማሽ መቀነስ ነው፤ በክረምት ጉም በሚጥልባት በደሴ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ለዚህም ነው በርካሽ ሌንስ ላይ ማራዘሚያ የሚባለውን ገጥሞ 300ን 420 ማድረግ የማይበጀው፤ 1.4 እጥፍ የሚያረዝመው ማራዘሚያ ግማሹን ብርሃን ይወስዳል፣ ኤፍ 5.6ም ኤፍ 8 ሲሆን ብዙዎቹ መለስተኛ ካሜራዎች አውቶ ፎከስ ማድረግ ያቅታቸዋል። በመስታወት ነጸብራቅ የሚሠራው 500 ሚሊ ሜትር ኤፍ 8፣ እንዲሁም 420-800 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ቀጭኑ ረጅም ሌንስ በዋጋቸው ርካሽነት ብዙ ወጣቶችን ይስባሉ። ሁለቱም በአብዛኛው አውቶ ፎከስም ስታቢላይዘርም የላቸውም። ጨረቃን በትሪፖድ ለማንሳት ካልሆነ በቀር ለሚንቀሳቀስ ነገር አይሆኑም።

ካሜራም ሌንስም የሌለው፣ ከዜሮ የሚጀምር ሰው እንደ ኒከን ፒ900 ያለውን ሌንሱ የማይፈታ ካሜራ ቢያስብ አይሳሳትም። ርዝመቱ ከ2000 ሚሊ ሜትር ጋር የሚመጣጠን እይታ ይሰጣል፤ በጥሩ ብርሃን ለተቀመጠ ወፍና ለሩቅ አውሮፕላን ይበቃል። ሴንሰሩ ግን 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ብቻ ስላለው በማለዳና በምሽት ምስሉ ይጎረብጣል፣ የሚበር ወፍንም መከተል ያዳግተዋል።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ የስልክ መብራት በአንድ በኩል አብርቶ በሌላው በኩል ወደ ውስጥ መመልከት ያስፈልጋል። ጥቂት የአቧራ ብናኝ በፎቶ ላይ አይታይም፣ ዋጋ ለመከራከር ካልሆነ በቀር አያሳስብም። እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ሥር የተበተነ ነገር ከታየ ግን ሻጋታ ነውና፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ይተውት። የአፐርቸሩ (የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው) ቅጠሎች ዘይት እንዳልነካቸው፣ ከካሜራው ጋር የሚጋጠመው ቀለበት እንዳልተጣመመ፣ ስታቢላይዘሩ ሲበራ በመመልከቻው የሚታየው ምስል እንደሚረጋ ማየት ይገባል። ከዚያም በራስ ካሜራ ላይ ገጥሞ፣ በትልቁ ሚሊ ሜትርና በሰፊው አፐርቸር የሩቅ ጽሑፍ አንስቶ በስክሪኑ አጉልቶ መመልከት ነው። ሻጩ ይህን አላስሞክርም ካለ ከሌላ ይገዛል።

አውሮፕላን ለማንሳት ለሚሄዱት ደግሞ፣ የአውሮፕላን ማረፊያና አካባቢው ጥበቃ የሚደረግለት ሥፍራ ስለሆነ አስቀድመው የሚመለከታቸውን አካላት ጠይቀው ፈቃድ ሳያገኙ ሌንስ እንዳይደግኑ አደራ እላለሁ።

ለእናንተ ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። በአካባቢያችን ወጣቶች የተነሱ የወፍ፣ የዱር እንስሳና የአውሮፕላን ፎቶግራፎችን በየጊዜው የምታወጡበት አነስተኛ አምድ ብትከፍቱ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ሥርም የተነሣበትን ሌንስ፣ የሻተሩን ፍጥነትና በግምት ርቀቱን ብትጽፉ፣ አንባቢው በ250 ሚሊ ሜትር ምን ምን እንደሚቻል በዓይኑ አይቶ ገንዘቡን ለማውጣት ይወስናል። ለመጀመሪያዎቹ እትሞች የሚሆኑ ፎቶዎችን ከእነዝርዝራቸው ያለ ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
ፎቶ አንሺ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ